ኬፕ ታውን በዱከም በኩል

ከአዲስ አበባ ኬፕ ታውን ድረስ በመኪና ለመሄድ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሊቀመንበር ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ይገኛል፤ ፓስፖርቱም ይታደሳል። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተርና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሳይመረጥ ግን አንዲት ጎማ ንቅንቅ አትልም። ይህን የተማርኩት ሀያ ሁለት አካባቢ ካለ አንድ ሥጋ ቤት፣ ጥግ ላይ ካለች ጠረጴዛ ነው። እኔ አባል አይደለሁም፤ ታዛቢ ነኝ። ታዛቢ መዋጮ አያዋጣም፤ ቁርጡ ሲቀርብ ግን ቢላዋ አይነፈገውም።

ነገሩ የተጠነሰሰው በሞቅታ ነው። አንዱ ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያሳያል። ሽበት የወረራቸው ጀርመናዊ ባልና ሚስት ጭነት መኪና ላይ የተሠራ ቤታቸውን እየነዱ የሰሜን ኬንያን ጠጠራማ በረሃ ያቋርጣሉ። ሰውየው በቁምጣ ነው፤ ሴትየዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። "እነዚህ ጡረተኞች ከቻሉ እኛ ምን ጎድሎን ነው?" አለ የስልኩ ባለቤት። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ምን እንደጎደላቸው ለአፍታ አሰቡና ምንም እንዳልጎደላቸው ተስማሙ። እዚያው ሶፍት ላይ መስመር ተሰመረ፤ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ አሩሻ፣ ሉሳካ፣ ኬፕ ታውን። ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም የሆነው መንገድ ሶፍት ላይ ሲሰመር አንድ ስንዝር አይሞላም።

ጀርመኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዷ ካርታ ታነባለች። የእኛዎቹ ሰባት ሆኑ፤ ሰባቱም ሹመት አላቸው። በሳምንቱ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል አንድ ኪሎ ሥጋ ይቀጣል የሚል አንቀጽ አለው፤ ስለ ነዳጅ የሚናገር አንቀጽ የለውም። ማኅተም ተቀረጸ። ቲሸርት ታተመ፤ ከፊቱ የአፍሪካ ካርታ፣ ከጀርባው የአባሉ ስምና ኃላፊነት። ማተሚያ ቤቱ ማዳጋስካርን ዘንግቷት ስለነበር አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። በማዳጋስካር በኩል እንደማያልፉ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ጉዳዩ "የአህጉሪቱን ክብር የሚነካ" ተብሎ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት አከራከረ።

መቼም እቅድ ማብዛት የእነሱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ ያለባት ነው። ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች እንዲሠሩ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከካይሮ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር በወረቀት 10,228 ኪሎ ሜትር ነው። ደቡብ አፍሪካ ያኔ በአፓርታይድ ምክንያት ከእቅዱ ውጭ ነበረች። በሞያሌና በኢሲዮሎ መካከል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ አስፋልት ለብሶ ያበቃው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ግድም ነው። ከዚያ በፊት ያንን መንገድ የሄደ ሰው አሞርዛተሩን ድንጋዩ ላይ ትቶ ይገባ ነበር፤ መኪኖችም ሽፍታ ስለሚፈራ በአጀብ ነበር የሚጓዙት። ይህ ታሪክ ለሊቀመንበሩ ታላቅ መጽናኛ ሆኖታል። "መቼ ነው የምትነሱት?" ብሎ የሚነዘንዘው ሰው ሲገጥመው ጉሮሮውን ይጠርግና "መንገዱ ራሱ አርባ ምናምን ዓመት ፈጅቷል፤ እኛ ምን አጣደፈን?" ይላል።

መኪናን በተመለከተ ጠረጴዛው ለሦስት ተከፍሏል።

የመጀመሪያው የላንድክሩዘር ወገን ነው። የእነዚህ ነገር ሃይማኖት ስለሆነ ክርክር አይደፍረውም። ላንድክሩዘር ያልረገጠው አፈር የለም፣ መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ እስከ ሶዌቶ ይገኛል፣ መካኒኩም የትም አይጠፋም ይላሉ፤ በዚህ ላይ እውነት አላቸው። ችግሩ ላንድክሩዘር ያለው አባል አንድ ብቻ መሆኑና እሱም የራሱን መኪና ማውጣት አለመፈለጉ ነው። አይፈረድበትም። ሌላ አገር ለቁርጥራጭ ብረት የምትሸጥ አሮጌ መኪና እኛ ጋ የቤት ዋጋ ታወጣለች፤ ቀረጡ ከእጥረቱ ጋር ተዳብሎ መኪና እያረጀ የሚወደድበት አገር አድርጎናል። እንዲህ ያለ ርስት ይዞ ማን ዛምቢያ ይገባል? "ዝሆን ቢገፋብኝስ?" ብሎ ጠየቀ አንድ ማታ። ሳቁበት እንጂ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ቦትስዋና ውስጥ ከካዙንጉላ ወደ ናታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዝሆን አስፋልት መሀል ሊቆም ይችላል፤ ያኔ የሚደረገው ራቅ ብሎ ቆሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጥሩምባ ክልክል። የአዲስ አበባን ሹፌር ያለ ጥሩምባ ጠብቅ ማለት ደግሞ ሀዘንተኛን ያለ እንባ አልቅስ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ፒክአፕ ይላል። ምክንያቱን ጠይቄ የተረዳሁት፣ ከወገኑ መሪ አማች ዘንድ የሚሸጥ ፒክአፕ እንዳለ ነው።

ሦስተኛው ወገን አንድ ወጣት ብቻ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። አንዴ ከሞላች 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል፤ ሚስቱ 300 ትላለች። "ሞያሌ ሞልተን ብንነሳ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በማን ሒሳብ ቢሰላ እንደርሳለን" ብሎ አስረዳ። አሳመነ ማለት ይቻላል። ከዚያ ኦዲተሩ፣ እንደ ኦዲተር ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ጠየቀ።

"ማርሳቢት ላይ መብራት ቢጠፋስ?"

"ጄኔሬተር እንጭናለን።"

"ጄኔሬተሩ በምን ይሠራል?"

"በቤንዚን።"

ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የተሰማው የቢላዋና የሳህን ድምፅ ብቻ ነው።

መኪናው ሳይወሰን ታዲያ የመኪናው ጌጥ ተገዝቶ አልቋል። ቨርጂኒያ ያለ የአንዱ አባል የአጎት ልጅ፣ "ናይሮቢ ላይ እቀላቀላችኋለሁ" ያለና በዚያ ሰበብ በስልክ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኘ፣ ጎማ የሚነፋ መሣሪያ በሰው ሻንጣ ልኳል። ያመጣችው ሴት የራሷን ሁለት ጫማ አስቀርታ ነው ያመጣችው፤ እስከ ዛሬ የምታነሳው ይህንኑ ነው። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን መርካቶ ውስጥ የአይሱዙ ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ሰፍቶላቸዋል። ጥሩ አድርጎ ነው የሰፋው፤ ስድስት ሰውና አርባ ኩንታል ጤፍ ያስተኛል። ፖርቶ መጋላው ላይ ሲጫን ግን የሁለት ሰው እጅ በቂ አይደለም፣ አራት ያስፈልጋል፤ ሲወርድም እንዲሁ። ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ ውኃ እንዳይጠጣ የሚያደርገው፣ ከመስታወቱ ጎን ሽቅብ የሚቆመው የአየር ቧንቧም ተገዝቷል። መንገዱ እስከ ኬፕ ታውን ከሞላ ጎደል አስፋልት እንደሆነ ጸሐፊው ለማስታወስ ሞክሮ ነበር። ዛምቤዚን እንኳን በጀልባ መሻገር ቀርቷል፤ 923 ሜትር የሚረዝመው የካዙንጉላ ድልድይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ተከፍቷል፤ የዚምባብዌን ወሰን ላለመርገጥ ሲል መሀል ላይ ወገቡን ጠምዝዞ ዛምቢያንና ቦትስዋናን አገናኝቷል። ቧንቧው "ለመልኩ ያስፈልጋል" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወረቀቱ ሌላ ዓለም ነው። መኪና ድንበር ስትሻገር ካርኔ የሚባል የራሷ ፓስፖርት አላት፤ መኪናዋን እዚያ ሸጠህ እንዳትቀር በዋጋዋ ልክ የታሰበ ዋስትና አስይዘህ የምታገኘው ነው። ዋጋዋ አዲስ አበባ ላይ ሲተመን ስንት እንደሚሆን ከላይ ተነግሯል፤ ባለ ላንድክሩዘሩ ይህን የሰማ ቀን ራት ሳይበላ ነው የሄደው። ኢንሹራንሱን በተመለከተ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል አለ፤ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን ሲሆን ኬንያም፣ ታንዛኒያም፣ ዛምቢያም ይሠራል። ገንዘብ ያዡ "ቢጫ ካርዱን ጨርሻለሁ" ብሎ በኩራት ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን ካርድ ነበር። እሱም ያስፈልጋል፤ ለመኪናዋ ግን አይሆንም። ደቡብ አፍሪካ ስትደርስ ደግሞ የሦስተኛ ወገን ነገር ከነዳጁ ዋጋ ላይ አብሮ ይቆረጣል፤ ይህን የሰማው ሕዝብ ግንኙነቱ "ሥርዓት ያለው አገር!" ብሎ ተነፈሰ።

እኔን ያሳሰበኝ ቦሎው ነው። ቦሎው ላይ የሚታተመው ዓመት የእኛው ዓመት ነው። የኬንያ ትራፊክ ፖሊስ መስታወቱ ላይ ሲያይ መኪናዋ ምርመራ ካለፈባት ሰባት ስምንት ዓመት ሆኗታል።  የዓመተ ምሕረትን ነገር በእንግሊዝኛ፣ በፀሐይ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለማስረዳት የሚችል አባል ማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ሕዝብ ግንኙነቱ አዩ። እሱ ወደ ሥጋው አየ።

አንድ ቀን ምክር እንዲሰጡ የሊቀመንበሩ አጎት ተጋበዙ። ጋሼ በአሰብ መስመር በኤን ትሬ ፊያት የኖሩ ሰው ናቸው። የተቀመጡበትን ወንበር አስተካከሉ፣ ቲሸርቱን ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩ፣ ካርታውን ግን አላዩትም።

"ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፤ ታውቃላችሁ?" አሉ።

ያውቃሉ። ከሞያሌ ማዶ እስከ ኬፕ ታውን ያሉት አገሮች በሙሉ በግራ ነው የሚነዱት። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበርን፤ ጋሼ ያኔ ረዳት ነበሩ፤ በተቀየረ ሰሞን ሹፌሩ ሁሉ እንደ አዲስ ሙሽራ ሲደናገር ማየታቸውን አጫወቱን። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገሩ። መሪው በግራ የሆነ መኪና በግራ መንገድ ላይ ሲነዳ፣ ከፊት ያለውን ሲኖትራክ ለመቅደም ሹፌሩ ማዶውን አያይም። የሚያየው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። "ሂድ" ወይም "ቆይ" የሚለው እሱ ነው።

"ስለዚህ" አሉ ጋሼ "ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው የሚታመን ይሁን።"

ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ተያዩ። ሁለቱ በአንድ እቁብ ጉዳይ ከተቀያየሙ ቆይተዋል፤ ደርሶኛል፣ አልደረሰህም የሚል ነገር ነው። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ጎንበስ አለና "እሱ ሂድ ቢለኝ እሄዳለሁ?" አለኝ።

ጋሼ ሊነሱ ሲሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "ሹፌሩ ማነው?" ሊቀመንበር አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ቃል አቀባይ ሳይቀር አለ። ሹፌር አልተመረጠም። ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳነት ተያዘ፤ ጋሼም ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ስለ ስንቅ የተደረገውን ስብሰባ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሥራዬ ብዬ ከተከታተልኳቸው ሁሉ በቁም ነገር የተመራው እሱ ስለነበር። ቦትስዋና ውስጥ ለከብት በሽታ መከላከያ የተዘረጉ አጥሮች አሉ። በር በሩ ላይ ተቆጣጣሪ ቆሞ መኪና ይፈትሻል፤ ጥሬ ሥጋና ወተት ከሰሜን ወደ ደቡብ አያሳልፍም፤ ጫማህንም መድኃኒት ውስጥ ትነክራለህ። ይህ ሲነበብ ጠረጴዛው ላይ የወረደው ድንጋጤ ስለ ካርኔው ዋስትና ሲነገር አልወረደም። ስለ ቪዛም አልወረደም። "ጥሬ ሥጋ?" አለ ኦዲተሩ፤ ድምፁ ተቀይሯል። በናሚቢያ በኩል መዞር ይቻል እንደሆነ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሚገርመው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው ቢኖር የገንዘብ ያዡ እናት ናቸው። ጉዞ አለ ሲባል ሰምተው፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ በሶ አስፈጭተው፣ ዳቦ ቆሎ ጋግረው፣ ድርቆሽ አድርቀው፣ ሽሮና በርበሬ በየከረጢቱ አስረው አስቀመጡ። ከረጢቶቹ ላይ የአገሩን ስም ጽፈዋል፤ "ታንዛኒያ" የሚለው ሽሮ ለገና ጾም ወጥ ሆነ ሲባል ሰምቻለሁ።

ገና ጾም ካልኩ ዘንዳ፣ የመነሻ ቀኑን ነገር ላውጋችሁ። ዛምቢያ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ዝናብ ስለሆነ ወደ ደቡብ ለመጓዝ ከግንቦት ወዲህ ይሻላል፤ ይህን ሁሉም ያነበበው ነው። በግንቦት ታዲያ ከፋሲካ ወጪ ማንም አላገገመም። ሰኔ የልጆች ፈተና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ በክረምት ማን ከቤቱ ይወጣል? ኬፕ ታውንም ያኔ ብርድ ነው። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጥቅምት ጥሩ ነበር፤ ግን ከጥቅምት ተነስተው በኅዳር ዝናቡን ዛምቢያ ላይ ያገኙታል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተተወ በኋላ ደግሞ ገንዘብ ያዡ በየስብሰባው በጀቱን እንደገና ያሰላዋል። ኪሎ ሜትሩ ያው ነው፤ በብር ሲሰላ ግን ኬፕ ታውን በየወሩ ትርቃለች።

የደቡብ አፍሪካ ቪዛም አለ። ቪዲዮው ላይ ያሉት ጀርመናውያን ድንች እየላጡ ደርሰው ድንበሩ ላይ 90 ቀን ይመታላቸዋል። የእኛዎቹ፣ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ከሆነች ከተማ የሚነሱት፣ አስቀድመው የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤና የሚያድሩበትን ቦታ ማስረጃ ይዘው ኤምባሲ ይሰለፋሉ። በዚህ ጉዳይ ሲማረሩ አልሳቅኩባቸውም።

በዚሁ መንገድ ያለ ኮሚቴ የሚሄዱም አሉ። አስተናጋጃችን የሆሳዕና ልጅ ነው። አንድ ማታ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ እየተባለ ጣት በካርታው ላይ ሲወርድ ቆሞ አየና "ወንድሜም በዚህ ነው የሄደው" አለ። "በምን?" ሲሉት "በእግርም፣ በጭነት መኪናም" አለ፤ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፤ በሰላም ገብቷል። ሁሉም በሰላም አይገባም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለ ግዛት፣ ከማላዊ የተሻገረ አንድ የጭነት ኮንቴነር ሲከፈት ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኝተዋል። ይህን ሕዝብ ግንኙነቱም ያውቀው ነበር፤ እሱ ራሱ አነሳው። ጠረጴዛው ዝም አለ። ልጁም ባዶ ሳህኖቹን ሰበሰበ። ትንሽ ቆይቶ ሊቀመንበሩ "እስቲ ከጎድኑ ጨምርልን" አለው።

በመጨረሻ የሙከራ ጉዞ ተወሰነ። እስከ ሐዋሳ ደርሶ መልስ፣ ሙሉ ጭነት፣ ሙሉ አባል። ባለ ላንድክሩዘሩ ለአንድ ቀን መኪናውን ለቀቀ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኝ ተባለ። አንዱ ቅዳሴ ሳይወጣ ስለማይሆንለት 2 ሰዓት መጣ። አንዱን ተኝቶ ስለቀረ ከቤቱ ሄደው አመጡት። ሌላው ናዝሬት የምትወርድ የሚስቱን ዘመድ ከነሁለት ዶሮዋ ይዞ መጣ፤ ስለዚህ ድንኳኑ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተጫነ። 4 ሰዓት ላይ ተንቀሳቀሱ። ለፈጣን መንገዱ የሚከፈለው ገንዘብ ለማዳን ሲባል በአሮጌው መንገድ፣ በቃሊቲ በኩል ገቡ፤ እሑድም ቢሆን ቃሊቲ ቃሊቲ ነው። የጭነት መኪናው ሰልፍ መሀል ሊቀመንበሩ "ሂድ! ሂድ!" ሲል፣ የሚነዳው ጸሐፊ አልሄደም።

ዱከም ደረሱ። ዱከም ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ከተማ ናት፤ በጥሬ ሥጋ የታወቀች ናት። ጾም አልነበረም። መንገድ ዳር በረድፍ የተሰቀለውን ሥጋ በሰባት ሰው ዓይን እያዩ ማለፍ ከቦትስዋና አጥር የከበደ ፈተና መሆኑን ማንም ቀድሞ አላሰበም። "ቁርስ ብቻ" ተባለ። ቁርሱ ሁለት ኪሎ ነበር። ከዚያ ባለ ላንድክሩዘሩ ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከፍ ብሏል አለ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ ሰዓት ስላለፈው እንዴት ከፍ እንዳለ አልጠየቅኩም። ይቀዝቅዝ ተባለ። እስኪቀዘቅዝ ሁለት ኪሎ ተጨመረ። የሚስትየዋ ዘመድ ሚኒባስ ይዛ ከነዶሮዎቿ ናዝሬት ገባች፤ በዚያ ቀን የደረሰች እሷ ብቻ ናት። 9 ሰዓት ላይ ደመናው ሲከብድ ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ የሙከራ ጉዞው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፤ የተሽከርካሪው የማቀዝቀዣ ሥርዓት በቀጣይ ትኩረት የሚሻ መሆኑ ታይቷል፤ የአባላቱ የቡድን መንፈስ ከፍተኛ ነበር። የሒሳብ ሪፖርቱም አብሮ ተያይዟል። የማኅበሩ ካዝና ወደ ደቡብ የተጓዘው እስከ ዱከም ነው።

በዚህ ጊዜ ታሪክ የሚያነብ ሰው ከመሀላቸው ቢኖር ሜጀር ኮርት ትሪትን ያነሳላቸው ነበር። ይህ እንግሊዛዊ ከሚስቱ ከስቴላና ከጓደኞቹ ጋር በሁለት ክሮስሊ መኪኖች እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ከኬፕ ታውን ተነስቶ በጥር 1926 ካይሮ ገባ። አሥራ ስድስት ወር። መንገድ በሌለበት፣ ረግረጉን በሰው ጉልበት እየተጎተቱ። እሱ እንኳን ይቅር፣ ብስክሌተኞቹም አሉ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ከካይሮ ኬፕ ታውን በብስክሌት የሚጓዝ ቡድን ነበር፤ አራት ወር ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ በእኛም አገር ያልፍ ነበር። አንዱን ዓመት አባላቱ አዲስ አበባ ውስጥ አግኝተዋቸው ፎቶ ተነስተዋል። አንድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ፈረንጅ ናቸው ቲሸርቱን አይተው "እናንተም በብስክሌት ናችሁ?" ያሉት። "አይ፣ እኛ በመኪና ነን" አለ ሊቀመንበሩ፤ "መኪና ብዙ ዝግጅት ይፈልጋል።"

ሰሞኑን ማኅበሩ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ጉዳይ ነው። አንደኛው ወገን ኬፕ ታውን ከደረስን በኋላ መኪናዋን ሸጠን በአውሮፕላን እንመለስ ይላል፤ ሌላው በግራ በሚነዳ አገር መሪዋ በግራ የሆነ መኪና ማን ይገዛናል፣ ነድተን እንመለስ ይላል። ሽያጩ ላይ የሚገኘው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል ሲጀመር ቃላት ተወራወሩ፤ አንዱ የሌላውን የዱከም ድርሻ አነሳ፤ የእቁቡም ነገር ተመዘዘ። ጸሐፊው ከሁለት አባላት ጋር ወጥቶ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ገባና የራሱን ማኅበር መሠረተ። ሊቀመንበር ሆኗል። እሱም ሳይነፍገኝ በታዛቢነት ጋብዞኛል፤ ሥጋውም ከፊተኛው ይሻላል።

አዲሱ ማኅበር የሚሄደው ወደ ሰሜን ነው፤ በመተማ አድርጎ፣ በሱዳን አቋርጦ፣ ካይሮ። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ መስመር ለሽርሽር የሚያልፍ ሰው እንደሌለ ላስታውሰው ስሞክር እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"እሱማ ግልጽ ነው" አለኝ አዲሱ ሊቀመንበር። "መንገዱ እስኪከፈት ለመዘጋጀት ጊዜ አለን። እነዚያኛዎቹ የመረጡት እኮ ክፍት መንገድ ነው፤ በየቀኑ መቼ ትነሳላችሁ እየተባሉ እንዴት ብለው ነው የሚያቅዱት?"